ድረ ገጽ ሳጸዳ የሞትኩ ዕለት

መሞት እንደሚወራለት ከባድ አይደለም። እኔ ሞክሬዋለሁ። የሚከብደው ከሞቱ በኋላ ሰው የሚለውን ቆሞ መስማት ነው፤ እሱንም ቢሆን፣ አልዋሽም፣ ደስ እያለኝ ነው የሰማሁት።

ስሜን አልነግራችሁም። ሆሳዕና ውስጥ የሚያውቁኝ ያውቁኛል፤ የማያውቁኝ ባያውቁኝ አልጎደለብኝም። ዕድሜዬን ለሚጠይቀኝ ጡረታ ወጥቻለሁ እላለሁ። ባሌን ለሚጠይቀኝ ደግሞ ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት ነው እላለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከእድራችን ነው። እድራችን ሰፊ ነው። ዳምቦያ አባል አለው፣ ሺንሺቾ አለው፣ ሀደሮ አለው፤ ልጆቻቸውን ተከትለው ደቡብ አፍሪካ የገቡትም ከአባልነት አልወጡም። ሰው የትም ይበላል፣ መቀበር የሚፈልገው ግን ከሚያውቁት ዘንድ ነው። ድሮ ሰው ሲሞት አያ ኤርሲዶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥተው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ዛሬም ይነፋሉ። ሆኖም የአያ ኤርሲዶ ሳንባ የቱንም ያህል ቢበረታ ጥሩምባቸው ጆሃንስበርግ አይሰማም። ስለዚህ ድረ ገጽ ተሠራለት። የሠራሁት እኔ ነኝ። የሟች ስም ሲገባበት ለአባላቱ ሁሉ በስልካቸው መልእክት ይልካል። ለሟቹ የቅርብ ዘመድ ግን አይልክም፤ ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው እስኪያረዱ ይጠብቃል። እህት የወንድሟን ሞት ከስልክ ጩኸት እንዳትሰማ ብዬ ይህን ያሰብኩት ማንም ሳይነግረኝ ነው። ለዚህ ያመሰገነኝ ሰው የለም። እየጠበቅሁ አይደለም፤ ግን ልብ ብያለሁ።

ኮምፒውተርን የት ለመደችው የሚል ካለ፣ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ሕንፃው እዚያው ነው፣ በየጊዜው ቀለሙን ይቀይራል፤ እኔ ደግሞ በየጊዜው በፊቱ አልፋለሁ። ሥራዬ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ስሙ ከስም፣ ቁጥሩ ከቁጥር መግጠሙን ማየት ነበር። ያልገጠመውን ወደመጣበት እመልሳለሁ። የእንዲህ ያለ ሥራ ጠባዩ ክፉ ነው፤ በደንብ ሲሠራ አይታይም። ገበሬ አጭዶ ያሳያል፣ ግንበኛ ገንብቶ ያሳያል፤ እኔ ያልወጣውን ደብዳቤ ለማን ላሳይ?

ከዚያ ሪፎርም መጣ። የምደባ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሰብሳቢው አቶ ላምቤቦ ሆኑ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስሜ ዘንድ ደርሰው እንዲህ አሉ፦ «ይህችን ሠራተኛ የሚጠራት የሥራ ክፍል የለም።» በዚችው ቃል ተንሳፋፊ ሆንኩ። ተንሳፋፊ ማለት መደብ ያልተገኘለት ሠራተኛ ነው፤ ወንበር አለው፣ ሥራ የለውም። ከኔ ጋር ብዙ ሰው በአንድ ከሰዓት ተንሳፈፈ። ከዚያ በኋላ ለሀደሮ የተባለው ምርጥ ዘር ዳምቦያ ሲራገፍ፣ ያልተጠሩ ሰዎች ስብሰባ ሲመጡ፣ የተጠሩት ቤታቸው ሲቀሩ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ከኔ አልሰማችሁም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስላነሱ የማን መጉደል ምኑን እንዳበላሸው ራሳቸውም ማወቅ አቃታቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመኛለች።

እግዜር ቀልድ ያውቃል። አቶ ላምቤቦ ጡረታ ሲወጡ የእድራችን ዳኛ ሆነው ተመረጡ።

በአንድ የወር ስብሰባ ላይ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እኔ ዛሬም ድረስ ቦርሳዬን እይዛለሁ።

«ወይዘሮ፣ ቅር እንዳይልዎት» አሉ። «ድረ ገጹ እስኪከፈት ሰው ታሞ ይድናል። የልጄ ባል ብሩክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥቷል። አይቶታል።»

ብሩክ ጨዋ ልጅ ነው። ጢሙን አስተካክሎ፣ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ነው የሚያናግራችሁ።

«እትዬ፣ ውስጡ የማይሠራ ዲፔንደንሲ ተከምሮበታል» አለኝ። «ሁሉንም ጠርጌ ከባዶ ብሠራው ይሻላል።»

«ሁሉንም በአንዴ?»

«አንድ ከሰዓት ይበቃኛል።»

«አንድ ከሰዓት» አልኩ፣ አቶ ላምቤቦን እያየሁ። «አቶ ላምቤቦም ለሰው ያን ያህል ነበር የፈጀባቸው።»

አቶ ላምቤቦ ጣሪያውን መረመሩ። ጣሪያው ደህና ነበር።

«እኔ አጸዳዋለሁ» አልኩ።

እንዲህ ተወሰነ፤ እስከሚቀጥለው ስብሰባ አጽድቼ ካላቀረብኩ የድረ ገጹን የይለፍ ቃል ለብሩክ አስረክባለሁ። ሰው በሕይወቱ አንዴ ተንሳፋፊ ቢባል ዕጣ ነው፤ ሁለተኛ ሲደገም ግን ስም ይሆናል። ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ አልያዝኩም፤ ንዴቴ ከባጃጅ ይፈጥን ነበር።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ፣ የምታውቁት ታገሡኝ። ዲፔንደንሲ ማለት ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠው፣ እናንተ ለሥራችሁ የምትጠሩት ዕቃ ነው። ቀን የሚቆጥር አለ፣ ፎቶ የሚያሳንስ አለ፣ የስልክ ቁጥር የሚያቃና አለ። ጠባያቸው የእንግዳ ነው። ከሀደሮ አንድ ሰው ለሠርግ ብትጠሩ ብቻውን ይመጣል? አክስቱን፣ የአክስቱን ልጅ፣ የአክስቱን ልጅ ጓደኛ ይዞ ነው። ሠርጉ አልፎ፣ ሙሽሮቹ ወልደው ክርስትና ሲያነሱ የአክስቱ ልጅ ጓደኛ ጓዳ ተኝቶ ይገኛል። ማን እንደጠራው የሚያስታውስ የለም፤ ሲበላ ግን ሁሉም ያየዋል። የኔም ድረ ገጽ በዚህ ዓይነት እንግዳ ሞልቶ ነበር።

ማን ቦዝኖ እንደተቀመጠ የሚያጣራ ፕሮግራም አለ። አስሮጥኩት። አንድ ረጅም ዝርዝር አምጥቶ «እነዚህን የሚጠራቸው የለም» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። ተዋውቀናል።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝርዝሩን አምኖ ሁሉንም ይጠርጋል። እኔ ግን አለመጠራትን በአካል አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዋናውን ድረ ገጽ አልነካሁም፤ ቅጂ አወጣሁለት። ቅጂውን ሙከራ እንለዋለን። ከሙከራው ላይ አንዱን አነሳለሁ፣ ሌላውን አልነካም፤ ቅጂውን አስነሥቼ ገጾቹን እዞራለሁ፤ ከዚያ አንድ ሰው ገድዬ አያለሁ፤ ደህና ከሆነ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ድንች ከመሬት የሚያወጣ ሰው እንደዚህ ነው፤ በዶማ የቸኮለ የተቆረጠ ድንች ይበላል።

«ሰው ገድዬ» ስላልኩት አትደንግጡ። የድረ ገጹ ዋና ሥራ ሞት መንገር ነው፤ ሞት ካልተነገረበት መሥራቱ አይታወቅም። የማይታወቅ ስም ቢገባበት ደግሞ አይቀበልም፤ አባል መሆን አለበት። ታዲያ የማንን ስም ላስገባ? የጎረቤቴን የሩቂያን ስም ባስገባ፣ ሱቋ ውስጥ ቆማ ብታስነጥስ እኔ ነኝ ተጠያቂዋ። በሰው ላይ ሟርት አይሠራም። በራስ ላይ ግን መብት ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን በሙከራው ላይ የምሞተው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ቁርስ በልቼ እሞታለሁ፣ ከምሳ በፊት ደግሜ እሞታለሁ፣ ጎመን ልቀነጥስ ወጥቼ ስመለስ አሁንም እሞታለሁ። ሙከራው መልእክት አዘጋጅቶ «ይህን እልክ ነበር» ብሎ ለኔ ብቻ ያሳየኛል፤ ለማንም አይልክም። ሥራው አማረ። እንግዶቹ አንድ በአንድ ተሸኙ፣ ገጹ ቀለለ፣ እኔም እየሞትኩ እየተነሣሁ ወፈርኩ።

አሁን ወደ ስንፍናዬ እንምጣ። ከዝርዝሩ ላይ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነበረች። ከሌሎቹ ሁሉ ታንሳለች። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፣ ስሟን የሚጠራ መስመር አጣሁ። ስሟም አይመቸኝም ነበር። እውነቱን ለመናገር «ይህችን ምን ያስቀምጣታል» አልኩ፤ አቶ ላምቤቦ ያኔ በልባቸው ያሉት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። አነሳኋት። ሙከራውን አስነሣሁ፤ አልተቃወመም። ስሜን አስገብቼ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ።

በዚያችው ቅጽበት መብራት ጠፋ።

የላፕቶፔ ባትሪ እንደኔው ነው፤ ከግድግዳ ካልተደገፈ አይቆምም። እሱም ጠፋ፤ ሙከራው ያለውን ሳላይ ቀረሁ። ስልኬም ከማታ ጀምሮ ሞቶ ነበር። መብራት የሚመጣበትን ቀን እሱና እግዜር ናቸው የሚያውቁት ብዬ፣ አረንጓዴ የዝናብ ቦቲዬን አጥልቄ፣ ስልኬን እቤት ጥዬ፣ በሬን ቆልፌ ቅቤ ልገዛ ዳምቦያ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። የት እንደምሄድ የመናገር ልማድ የለኝም።

ቅቤው ጥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ቅቤዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ስቀመጥ፣ ከጎኔ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ሁለት ሴቶች ገቡ።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አልኩ።

«የእድራችን ሰው ናቸው፣ እናቴ» አለች በመስኮቱ በኩል ያለችው። «እኛም በመልክ አናውቃቸውም። መልእክት ደርሶን ነው ወደ ሆሳዕና የምንሄደው።»

«የማታውቁትን ሰው ልትቀብሩ ይህን ያህል መንገድ?»

«ነገ ለኛስ ማን ይመጣል?»

መልሷ ደስ አለኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩ ከልቤ። «ምን ነካቸው?»

«ድንገት ነው ይላሉ።»

«ንዴት ነው የሚሉም አሉ» አለች ሁለተኛዋ። «ከሰው አይስማሙም ነበር አሉ። ምላሳቸው እንሰት ይፍቃል ነው የሚባለው።»

«በሞተ ሰው እንዲህ አይባልም» አልኩ። «ምናልባት ሰው ነው ያስቸገራቸው።»

«ያውቋቸዋል እንዴ?»

«አላውቃቸውም። ግን ብቻዋን የምትኖር ሴት መልስ ከሰጠች ምላሰኛ፣ ዝም ካለች ኩሩ ትባላለች።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች የመስኮቷ። «ብቻ እኚያ ኮምፒውተር የሚነካኩት ሴትዮ ናቸው አሉ። በስተርጅና ኮምፒውተር ምን ያደርግላቸዋል።»

ቅቤዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። «እስቲ መልእክቱን አሳዪኝ» አልኳት። መነጽሬን አደረግሁ። ስሜ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ተጽፏል። ከሁሉ በፊት ያሰብኩትን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ ያን ሁሉ ዕቃ አንስቼ ፊደሉ አልተሰባበረም፣ ቀኑ አልተዛባም፣ ዳምቦያም ሳይዘገይ ደርሷል ብዬ ነው። መሞቴን ሁለተኛ ነው ያሰብኩት።

ሦስተኛ ያሰብኩት ብሩክን ነው። ከዚህ በኋላ የይለፍ ቃሉን ማን ይተውልኛል?

ለሴቶቹ ምንም አልተናገርኩም። መሞቴን የሚመሰክር ጽሑፍ በያዘ ሰው ፊት አለሁ ብሎ መከራከር ምን እንደሚመስል ከመሥሪያ ቤቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መልሼ ስልኩን ሰጠኋትና እስከ ሆሳዕና አንገቴን ደፍቼ ተጓዝኩ። «እርስዎም ሆድ ባሰዎት» ብላ አጽናናችኝ።

ሰፈር ስደርስ ድንኳኑ በሬ ላይ ተተክሏል። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ከሩቂያ ሱቅ የመብራት ገመድ ተስቦ ድንኳኑ ውስጥ አምፖል በርቷል። መብራት መጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ለለቅሶዬ ደርሷል። አያ ኤርሲዶ ጥሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ከአጥሩ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው አልተለወጠም። የእሳቸው ዕድሜ ላይ የደረሰ ሰው በቀላሉ አይገረምም።

«ቱማ» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ቱማ» አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው፣ «አንቺ እኮ ሞተሻል።»

«ማን አለ?»

«ስልኩ።»

«አልሞትኩም፣ አያ።»

«እኔ ነፍቼ ጨርሻለሁ» አሉ ጥሩምባውን እየዳበሱ። «የተነፋ አይዋጥም። ከዳኛው ጋር ጨርሺ።»

«ሬሳው የት ነው ብለው አልጠየቁም ሰዎቹ?»

«ጠየቅን። ወንዶቹ ሴቶቹ ያውቃሉ አሉ። ሴቶቹ ሆስፒታል ነው አሉ። ሆስፒታል የሄደ የለም። ብቻ መኪና ተገኝቷል፤ ሽማግሌዎቹ ሺንሺቾ ሊሄዱ ነው፣ አድረው በማለዳ እህትሽን ሊያረዱ።»

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ሺንሺቾ ያለችው ታላቅ እህቴ መልእክቱ አልደረሳትም፤ የቅርብ ዘመድ ስለሆነች ድረ ገጹ ጠብቋታል። ያ ክፍል ሠርቷል፣ በሱ እኮራለሁ። ሽማግሌ በመኪና ከተላከ ግን የሚያስቆመው ኮድ የለም። ልገባ አንድ እግሬን ሳነሳ፣ ከድንኳኑ ውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ቦርሳዬን ያዝኩ። አቶ ላምቤቦ ሊናገሩ ነው።

ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዞርኩና ከሸራው ኋላ ቆምኩ።

«ወገኖቼ» አሉ፤ ድምፃቸው የወትሮው አይደለም። «እኚህ ሴት ከኔ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ሠርተዋል። እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ስማቸውን ከመደብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሚጠራቸው የለም ብዬ። ከወጡ በኋላ ነው ያወቅሁት። ደብዳቤያችን ሁሉ መንገዱን ሳተ። ሥራቸው ስህተታችንን መዋጥ ነበርና አይታየንም ነበር። በሕይወት ሳሉ ልነግራቸው አስቤ፣ ኩራቴ ከለከለኝ።»

መኪናው ከወዲያ ተነሣ፤ ሞተሩ ያጉረመርማል። እህቴ ደም ግፊት አለባት። አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ቃል እየጠበቅሁ ስንት ክረምት አሳልፌያለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ብሰማ መኪናው ዳገቱን አይጨርስም አልኩ። ፍረዱኝ።

«አሁንም ይህን ድረ ገጽ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም» አሉ አቶ ላምቤቦ። «ያለ እሳቸው ይህ እድር…»

እዚህ ላይ ሩቂያ ታበላሽብኛለች። ሩቂያ ከሱቋ ጫማ የምትሸጥልኝ፣ ልቧ የዋህ፣ ዕንባዋ ቅርብ ጎረቤቴ ናት። አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ ከሸራው ሥር ወጣ ያሉትን እግሮቼን አየች።

«ይሄ ቦቲ» አለች በለቅሶዋ መሐል፣ «እኔ የሸጥኩላት ነው። በከተማው ያለው አረንጓዴ እሱ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሸራው ሥር ዞሮ አየ። ሸራውን ገልጬ ገባሁ። ከዳምቦያ የመጡት ሁለቱ ሴቶች ከሁሉ በፊት አወቁኝ፤ የመስኮቷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አንዲት ሴት ወንበር ይዛ ወደቀች። አቶ ላምቤቦ ግን ቆመው ቀሩ፣ እጃቸው ንግግሩ መሐል እንደተነሣ።

«ሬሳው… እርስዎ…» አሉ።

«መጀመሪያ ያንን መኪና አስቁሙልኝ» አልኩ። ወጣቶች ሮጡ፤ አያ ኤርሲዶ ጥሩምባቸውን አንዴ ነፉት፣ መኪናው ዳገቱ ሥር ቆመ። «አሁን ይቀጥሉ፣ አቶ ላምቤቦ። ያቋረጥኩዎት 'ያለ እሳቸው' የሚለው ላይ ነው።»

ብሩክ ከኋላ ተነሣ። ስልኩ በዚህ ጊዜ አልተገለበጠም። «እትዬ፣ እንኳን በሕይወት ኖሩ» አለ፣ «ግን እኮ ይኸው ነው ያልኩት። ሲስተሙ ሰው እስከ መግደል ደርሷል። ከባዶ ይሠራ።»

ማጉረምረም ተነሣ። ሐዘን ወደ ንዴት ሲዞር ፈጣን ነው። መንገድ የመጣው፣ ሱቁን የዘጋው፣ ንፍሮ የቀቀለው ሁሉ ወደኔ አየ። አንዱ «ይህ ቀልድ ነው?» አለ። ሌላው «ይለፍ ቃሉን ያስረክቡ» አለ። እነሆ፣ ሁለተኛ ልንሳፈፍ ነው አልኩ በሆዴ።

«ላፕቶፔን አምጡልኝ» አልኩ።

ቁልፉን ለሩቂያ ሰጠኋት፤ አመጣችልኝ። ለለቅሶዬ ከተሳበው ገመድ ላይ አምፖሉን ነቅዬ ሰካሁት፣ በእሷው ስልክ ኢንተርኔት አገኘሁ። ብሩክ ጎንበስ ብሎ ቆመ። «ከየት ይጀምራሉ? ብዙ ነገር አንስተው የለ?»

«ብዙ አንስቻለሁ» አልኩት፣ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ያነሳሁት ግን አንድ በአንድ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ሙከራው ዝም ብሏል። ዛሬ ጠዋት የተነሳችው አንዲት ዕቃ ብቻ ናት። አንተ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ጠርገህ ቢሆን፣ ይኼኔ የቱ እንደጎደለ ስትፈልግ እኔ በእውነት እሞት ነበር።»

አቶ ላምቤቦ መሬት መሬት አዩ። መሬቱም ደህና ነበር።

ዕቃዋን ፈለግሁ። ኮዱ ውስጥ የሚጠራት የለም ያልኩት ልክ ነበር። እሷን የሚጠራት ድረ ገጹ ገና ሲነሣ ከበሩ ላይ ነው፤ በበሩ ላይ የተጻፈውን አንብባ «አንተ ሙከራ ነህ፣ አፍህን ዝጋ» ትለዋለች። እሷ ስትታጣ በሩ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ያስገባል። ቅጂው ሙከራ መሆኑን የሚነግረው አጣና ራሱን ዋናውን አደረገ፤ ሰው ገደለ። ዘበኛ ነበረች። ሥራዋ ነገር እንዳይሆን ማድረግ ነው፤ ነገር ካልሆነ ደግሞ ማን ያያታል።

መለስኳት። ከጎኗም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሚጠራት የለም የሚሏችሁን አትመኑ። በር ላይ ናት።»

«አሁን መሞከር አለበት» አልኩ። «አንድ ሰው ይሙት።»

ሕዝቡ በአንድነት ወደ ኋላ ሸሸ።

«እርስዎ ልማድ አለዎት» አለ አንዱ።

«የኔ ይበቃኛል። ብሩክ፣ አንተስ? ከባዶ መጀመር ትወዳለህ።»

ብሩክ ወደ ሚስቱ አየ፤ ሚስቱ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። የአማቱ ፊት ግን ቀላ። አቶ ላምቤቦ ካፖርታቸውን አስተካከሉ።

«በኔ ስም ያድርጉት» አሉ።

«አቶ ላምቤቦ፣ ካልሠራ አገር ይሰማል።»

«ይስማ። ያኔ ስምዎን ያወጣሁት ሳልሞክር ነው።»

ስማቸውን ከነአባታቸው አስገባሁ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ መዳፉ ላይ ያዘ። የዳምቦያዎቹ ሁለት ሴቶች በአንድ ስልክ ላይ ተደፉ። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ።

ምንም አልሆነም።

ስልክ አልጮኸም። ማያ ገጽ አልበራም። ከኔ ፊት ብቻ «ይህን እልክ ነበር» የምትል ጽሑፍ መጣች። ያ ሁሉ ሕዝብ አንገቱን ደፍቶ በየመዳፉ ላይ ምንም አለመሆኑን ይመለከት ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራው የኖርኩት ይኸው ነበር፤ ምንም አለመሆን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰብስቤ አሳየሁት። እንደዚያ ያለ የሚያምር ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ዝምታውን የሰበሩት አቶ ላምቤቦ ናቸው። «የይለፍ ቃሉ ባለበት ይቆይ» አሉ። ሕዝቡ «ይቆይ» አለ። ብሩክም እጁን አወጣ፤ ዘግይቶ ነው፣ ግን አወጣ። እኔም ጽዳቱን እዚያው ወደ ዋናው ድረ ገጽ አሻገርኩ። ከዚያ ከሀደሮ ስልክ ተደወለ፤ አንዱ አባል «ገጹ እኮ ዛሬ ቶሎ ከፈተልኝ፣ ምን ተገኘ?» አለ። ለቅሶ ላይ ነን ብለው ዘጉበት።

እኔ ግን አልተቀመጥኩም። «ጸሐፊው ይምጣልኝ» አልኩ። «አቶ ላምቤቦ ስለኔ የተናገሩት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። 'ያለ እሳቸው ይህ እድር' የሚለውንም ያሟሉት።»

አቶ ላምቤቦ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ያለ እሳቸው ይህ እድር ያልሞተ ይቀብራል» አሉ። ተጻፈ። ፈረሙበትም።

ከዚያ ንፍሮዬን በላሁ። ሰው የራሱን ንፍሮ በልቶ ስለማያውቅ አስተያየቴን የጠየቀኝ ብዙ ነበር፤ ጨው ያንሰዋል ብያለሁ፤ አሁንም አልቀየርኩም። የዳምቦያዋ ሴት አጠገቤ መጥታ «እናቴ፣ በመኪናው ያልነውን…» ስትል፣ «ሰምቻለሁ» አልኳት። ይቅር ማለቴን አልነገርኳትም፤ ቅቤ ግን ቆርሼ ሰጠኋት።

በማግስቱ እህቴ ከሺንሺቾ ደወለች።

«ሞተሽ ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«ለኔ ለምን አልተነገረኝም?»

«የሚያረዱት በማለዳ ነው» አልኳት። «ቀድሜ ተነሣሁ።»

አሁን ድረ ገጹ ንጹሕ ነው። የማይሠሩት እንግዶች ተሸኝተዋል፣ ዘበኛዋ በር ላይ አለች፤ ሀደሮ ኔትወርክ እንደ ወሬ በሚመጣበት ቦታ እንኳ ሳይጎተት ይከፍታል። ብሩክ አንዳንዴ ይደውልና ይጠይቀኛል፤ ከመለስኩለት ከግማሹ በላይ አልመልስለትም።

ከዝርዝሩ የቀረ አንድ ጽዳት አለ። ሙከራው ላይ የሞተ ሰው የሚነሣው አንድ ቁልፍ ሲጫኑለት ነው፤ እኔ ራሴን በየቀኑ አነሣ ነበር። አቶ ላምቤቦ ግን እዚያ ላይ እስከ ዛሬ እንደሞቱ ናቸው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ጤናቸውንም እጠይቃለሁ። ቁልፉ የት እንዳለ አውቃለሁ። አልቸኮልኩም።